በ«ሩ» የሚጀምር የጃፓን ዘፈን አምጡ! ለሺሪቶሪ ተጫዋቾች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ጃፓኖች ከልጅ እስከ አዋቂ የሚጫወቱት ሺሪቶሪ የሚባል የቃል ጨዋታ አላቸው። አንዱ ቃል ይጠራል። ተረኛው ቃሉ ያለቀበትን ፊደል ተቀብሎ በዚያ የሚጀምር ሌላ ቃል ያመጣል። አንዴ የተጠራ አይደገምም። በ«ን» የሚያልቅ ቃል የጠራ ሰው ደግሞ ይወጣል። በ«ን» የሚጀምር የጃፓን ቃል ስለሌለ ጨዋታው እዚያው ይቆማል።

የዘፈን ሺሪቶሪ ላይ የሚጠራው የዘፈን ርዕስ ብቻ ነው። ካራኦኬ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ርዕሱን መጥራት አይበቃም፣ ማይኩን ይዞ መዝፈንም አለ። አኒሜ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን ፊልም የምትወዱ፣ ጃፓንኛ የምትማሩ ወይም እዚያው ጃፓን የምትኖሩ ከሆነ አንድ ቀን ይህ ጨዋታ ውስጥ መግባታችሁ አይቀርም። ግቡበት። የጃፓን ፊደልና ዘፈን አንድ ላይ ጭንቅላት ውስጥ የሚያስገባ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሌላ አላውቅም።

ችግር ያለው «ሩ» ላይ ነው። ጨዋታው ሞቅ ብሎ ሲሄድ ይቆይና አንዱ በ«ሩ» የሚያልቅ ርዕስ ሲጥል ቤቱ ጸጥ ይላል። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ይህ መመሪያ ለዚያች ሰዓት ነው። የዘፈኖቹን ርዕስ በጃፓንኛ አነባበባቸው በኛ ፊደል እጽፋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ «ሩ» ለምን እንደምታስቸግር እወቁ

ይህን ክፍል እንዳትዘሉት። ምክንያቱን የያዘ ሰው ዘፈኖቹን የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

የጥንቱ የጃፓን ቃል በ«ረ» ቤት አይጀምርም። ራ፣ ሪ፣ ሩ፣ ሬ፣ ሮ በቃል መሃልና መጨረሻ ላይ ሞልተዋል፣ መነሻ ላይ ግን የሉም። ዛሬ በነዚህ የሚጀምሩት ቃላት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ የገቡ ናቸው። መጀመሪያ ከቻይና መጡ። ቆይቶ ከፖርቱጋልና ከሆላንድ፣ ከዚያም ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ። ከአምስቱ ደግሞ ደሃዋ «ሩ» ናት።

በ«ሩ» የሚያልቀው ግን አያልቅም። የጃፓንኛ ግስ መዝገበ ቃላት ላይ በሚሰፍርበት መልኩ በብዛት የሚዘጋው በ«ሩ» ነው። ታቤሩ መብላት፣ ሚሩ ማየት፣ ካኤሩ መመለስ። ከእንግሊዝኛ የተዋሷቸው በ«ል» የሚያልቁ ቃላትም ጃፓንኛ ሲገቡ መጨረሻቸው «ሩ» ይሆናል።

አሁን የቅርብ ጊዜ ዘፈኖችን እዩ። ዮአሶቢ በ2019 ያወጡት «ዮሩ ኒ ካኬሩ» በ«ሩ» ያልቃል። እነሱው በ2023 ያወጡት፣ ዓለምን ያዳረሰው «አይዶሩ» በ«ሩ» ያልቃል። ራድዊምፕስ በ2016 ለአኒሜ ፊልም የሠሩት «ሱፓኩሩ» በ«ሩ» ያልቃል። ኦፊሻል ሂጌ ዳንዲዝም በ2022 ያወጡት «ሳቡታይቶሩ»ም እንደዚያው። ሁሉም ሰው አፍ ላይ ያሉ ዘፈኖች ናቸው። ስለዚህ «ሩ» ወደ እናንተ በተደጋጋሚ ትመጣለች፣ መመለሻው ግን ጥቂት ነው። ይህን አውቀው ሆን ብለው «ሩ» የሚወረውሩ ተጫዋቾች አሉ። የማጥቂያው ስም ራሱ «ሩ-ዜሜ» ይባላል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። በ«ሩ» የሚጀምር ዘፈን ስትፈልጉ ከውጭ የገባ ነገር ፈልጉ። የከበረ ድንጋይ፣ የፈረንጅ ስም፣ የባሕር ማዶ አገር፣ የሊፕስቲክ ስም። ከታች ያሉትን ዘፈኖች ስታዩ ሁሉም እዚህ ውስጥ ሲወድቁ ታያላችሁ።

2. ፊደሏን በዓይን ለዩ

በኛ ፊደል ገበታ ላይ ላደገ ሰው የጃፓኑ ካና እንግዳ አይሆንበትም። እንደኛው አንድ ምልክት ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ይይዛል። የኛ ሰባት ቤት ነው፣ የነሱ አምስት ብቻ። ግን ሁለት ገበታ አላቸው። ሂራጋና ለአገርኛው፣ ካታካና በዋናነት ከውጭ ለገባው። «ሩ»ን በሁለቱም ማወቅ አለባችሁ።

የሂራጋናዋ «ሩ» የ3 ቁጥርን ትመስላለች፣ ታች ጭራዋ ላይ ትንሽ ቀለበት አላት። ቀለበቷ ከሌለች ፊደሉ «ሮ» ነው። ጀማሪ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ያምታታል፣ ስለዚህ ዓይናችሁን ሁልጊዜ ታች ጫፉ ላይ አድርጉ። የካታካናዋ «ሩ» ሁለት ጭረት ናት። የግራው ወደ ታች ወደ ግራ ይጎበጣል፣ የቀኙ ቀጥ ብሎ ይወርድና ጫፉ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይነሳል። የቀኙ ጭረት ብቻውን ከቆመ «ሬ» ነው። አብዛኞቹ የምንፈልጋቸው ርዕሶች የውጭ ቃል ስለሆኑ የምታዩት በብዛት የካታካናዋን ነው።

3. በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ ርዕሶች እንዳያታልሏችሁ

የጃፓን ዘፋኞች ርዕስ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ይወዳሉ። ሺሪቶሪ ግን የሚጫወተው በአነባበብ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ጃፓንኛ «ሉ» እና «ሩ»ን አይለይም። የምላስ ጫፍ ላንቃን ነካ አድርጎ የሚመለስ አንድ ድምፅ ነው ያለው፣ ከኛ «ሩ» እና «ሉ» መሃል የሚያርፍ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ሉ» ብለው የሚጀምሩት ሁሉ የናንተ ናቸው። ሉፕ ሩፑ ይሆናል፣ ሉክ ሩኩ ይሆናል፣ ሉና ሩና ይሆናል። ሩል፣ ሩም፣ ሩኪ፣ ሩትም ይገባሉ።

በተቃራኒው በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው አር እና ዩ ይዘው የሚጀምሩ ብዙ ቃላት በጃፓንኛ «ራ» ናቸው። ባኩፉ ስላምፕ የተባለው ቡድን በ1988 ያወጣው የሯጩ ዘፈን «ራና» ተብሎ ነው የሚነበበው። ኤክስ ጃፓን በ1994 ያወጡት «ራስቲ ኔይል»ም ያው ነው። ሩጫን፣ ጥድፊያን፣ ዝገትን የሚጠራ የእንግሊዝኛ ርዕስ ካያችሁ «ሩ» አይደለም፣ «ራ» ነው። የካራኦኬ ማሽኑም ራ ሥር ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ ክርክር ከተነሳ ማሽኑን ጠይቁ።

4. የቻይና ፊደሉን ተጠንቀቁ

አንዳንድ የ«ሩ» ዘፈኖች ካንጂ በሚባለው የቻይና ፊደል የተጻፉ ናቸው። ካንጂ አንድ ፊደል ሆኖ ሁለት ሦስት አነባበብ ይይዛል። ለኛ ጉዳይ ዋናው መፍሰስን የሚያመለክተው ካንጂ ነው። ብቻውን ወይም ከሂራጋና ጋር ሲሆን ብዙውን ጊዜ «ናጋ» ብሎ ይጀምራል። ስፒትስ በ1999 ያወጡት የተወርዋሪ ኮከብ ዘፈን «ናጋሬቦሺ» ነው፣ በ«ና» ይጀምራል። ይኸው ካንጂ ከኮከብ ካንጂ ጋር ሲጣመር «ርዩሴይ» ይሆናል። እሱ ደግሞ በካና ሲጻፍ መነሻው «ሪ» ነው፣ ከጎኑ ትንሿ «ዩ» ተለጥፋ። «ሩ» የሚል ሰው ካለ አትቀበሉት። ይኸው ካንጂ «ሩ» የሚሆነው ጥቂት ቃላት ላይ ብቻ ነው። ለምሳሌ ሩቴን እና ሩሮ። ሁለቱም ዘፈን አላቸው፣ ወደኋላ እመጣባቸዋለሁ።

ሌላው መያዝ ያለበት ሩሪ ነው። ሰማያዊው ዕንቁ፣ በቡድሂዝም ከሰባቱ የከበሩ ነገሮች አንዱ። ሁለት ካንጂ ነው፣ መልኩን አንዴ ካወቃችሁት ከሌላ ጋር አይምታታም።

5. ራሳችሁ ፈልጉ

ስልካችሁ ላይ የጃፓንኛ ኪቦርድ ጨምሩ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፍበት ነው፣ አር እና ዩ ስትነኩ «ሩ» ይወጣል። በኤል እንዳትሞክሩ። ኮምፒውተር ላይ በብዛት ኤል ትንንሾቹን ፊደላት ማውጫ ስለሆነ ኤልና ዩ ብትሉ ትንሿ «ኡ» ናት የምትመጣው። ሁለተኛው ዓይነት 12 ቁልፍ ያለው፣ ጃፓኖቹ ራሳቸው የሚጠቀሙበት ነው። «ራ» የሚለውን ቁልፍ ነክታችሁ ጣታችሁን ወደ ላይ ጠረግ ካደረጋችሁ «ሩ» ነው። ወደ ግራ «ሪ»፣ ወደ ቀኝ «ሬ»፣ ወደ ታች «ሮ»። ይህኛውን ልመዱ፣ አንዴ እጃችሁ ከገባ በጣም ይፈጥናል።

ከዚያ ወደ ካራኦኬ ዝርዝር ሂዱ። ጃፓን ውስጥ ሁለት ትልልቅ የካራኦኬ አገልግሎቶች አሉ፣ ዳም እና ጆይሳውንድ። የሁለቱም የዘፈን ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይፈለጋል። ፍለጋው ላይ ቃሉ ርዕሱ መነሻ ላይ እንዲሆን የሚያደርገውን ምርጫ ያዙ። አለዚያ መሃላቸው «ሩ» ያለባቸው ሺህ ዘፈኖች ይዘረገፉላችኋል። ካራኦኬ ቤቱ ውስጥ ከሆናችሁም የማዘዣው ታብሌት በመነሻ ፊደል ይፈልጋል። ዱሮ የስልክ ማውጫ የሚያክል ወፍራም መጽሐፍ ነበር፣ ርዕሶቹ በኣ-ኢ-ኡ-ኤ-ኦ ቅደም ተከተል የተደረደሩበት። «ሩ» ጋ ስትደርሱ ገጹ ቶሎ ያልቅ ነበር።

የአንድ ርዕስ አነባበብ ካጠራጠራችሁ ጃስራክ የሚባለው የጃፓን የሙዚቃ መብት ማኅበር የመረጃ ቋት አለ። ርዕሱን በካታካና አነባበቡ ያስቀምጣል። ካንጂ ላይ ክርክር ሲነሳ ዳኛው እሱ ይሁን።

6. ከመጀመራችሁ በፊት ደንብ ተስማሙ

ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ እዚህ ነው። ቢያንስ ሦስት ነገር ላይ ቀድማችሁ ተስማሙ።

አንደኛው ረጅም አናባቢ ነው። ካታካና ላይ ድምፅ ሲረዝም አግድም ሰረዝ ይደረጋል። ርዕሱ በሰረዝ ካለቀ ቀጣዩ በምን ይጀምራል? አንዳንዱ ሰረዙን ትቶ ከፊቱ ያለውን ፊደል ይወስዳል። ሌላው የረዘመውን አናባቢ ይወስዳል። «ሩኪ» የሚለው ርዕስ መጨረሻው ይረዝማል፣ ስለዚህ በአንደኛው ደንብ «ኪ»፣ በሁለተኛው «ኢ» ይሆናል። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ግን አንዱን ብቻ።

ሁለተኛው ትንንሾቹ ፊደላት ናቸው። «ሩጁ» ተብሎ የሚነበበው ርዕስ በካታካና ሲጻፍ መጨረሻው «ጂ» እና ትንሿ «ዩ» ናት። ቀጣዩ በ«ጁ» ይጀምር ወይስ በ«ዩ»? እኔ «ዩ»ን እመርጣለሁ። ጨዋታው እንዲቀጥል ያደርጋል፣ «ዩ» ሰፊ ነች።

ሦስተኛው ርዕሱን ብቻ ነው ወይስ መዝፈንም አለ የሚለው ነው። መዝፈን ካለ አንድ አንጓ ይበቃል። ሙሉ ዘፈን እየተዘፈነ ሺሪቶሪ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ አያልቅም።

7. ዘፈኖቹን እወቋቸው

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ዝርዝር ሸምድዶ ጨዋታ ማሸነፍ ይቻላል፣ ግን ያልሰሙት ዘፈን ስም በችኮላ ሰዓት ከአፍ አይወጣም። እነዚህን አንድ በአንድ አዳምጡ። ደስ ይሏችኋል።

«ሩቢ ኖ ዩቢዋ»። ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ። የሩቢ ቀለበት ማለት ነው፣ ቴራኦ አኪራ በየካቲት 1981 አወጣው። ቴራኦ ተዋናይም ነው፣ የታዋቂው ዳይሬክተር የኩሮሳዋ ፊልሞች ላይ ተጫውቷል። ዜማው የራሱ ነው፣ ግጥሙ የማትሱሞቶ ታካሺ። ዘፈኑ በዚያ ዓመት የጃፓን ሪከርድ ሽልማትን ወሰደ። በዘመኑ አገሩ ሁሉ ይከታተለው በነበረው የቴሌቪዥን የዘፈን ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ 12 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆነ። ቴራኦ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ዝቅ ባለ፣ ሸከር ባለ ድምፅ የሄደችበትን ሴት ያስታውሳል፣ መንገድ ላይ ቤዥ ካፖርት ሲያይ ዓይኑ ጣት ላይ የሩቢ ቀለበት ይፈልጋል። ለካራኦኬ ቀላል ነው፣ ከፍ ያለ ድምፅ አይጠይቅም። በ«ዋ» ያልቃል፣ እሱም ለናንተ ጥሩ ነው፣ ተረኛው ትንሽ ማሰብ አለበት።

«ሩሪኢሮ ኖ ቺክዩ»። የሩሪ ቀለም ያላት ምድር። ማትሱዳ ሴይኮ በ1986 በአልበሟ ውስጥ ዘፈነችው። ግጥሙ እንደገና የማትሱሞቶ ታካሺ ነው። በ«ሩ» ከሚጀምሩት ታላላቅ ዘፈኖች ሁለቱን አንድ ገጣሚ መጻፉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። መጀመሪያ ነጠላ ዜማ ሆኖ አልወጣም፣ ከአልበም ውስጥ ነው ሰው አፍ የገባው። ዛሬ የትምህርት ቤት መዘምራን ይዘምሩታል። በ«ኡ» ያልቃል።

«ሩጁ ኖ ዴንጎን»። አኒሜ የምትወዱ ታውቁታላችሁ። ትንሿ ጠንቋይ ኪኪ በመጥረጊያዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሬዲዮ ከፍታ ሌሊቱን ስትበር የሚሰማው ዘፈን ነው። ፊልሙ የአኒሜ ዳይሬክተሩ የሚያዛኪ ነው፣ 1989። ዘፈኑ ግን ከዚያ በፊት በ1975 የወጣ ነው። የዘፈነችው ዛሬ ማትሱቶያ ዩሚ የምንላት ናት፣ ያኔ ገና ሳታገባ አራይ ዩሚ ትባል ነበር። ሴትዮዋ ባሏ ሌላ ጋ ዓይኑን ሲጥል በሊፕስቲክ መልእክት ጽፋ በባቡር ወደ እናቱ ዘንድ ትሄዳለች። ስሞታዋን ለአማቷ ልትነግር! ዜማው ግን ፈገግ የሚያሰኝ፣ የሚያስጨበጭብ ነው።

አሁን አስተውሉ። «ዴንጎን» በ«ን» ያልቃል። በ«ሩ» ከሚጀምሩት ሁሉ በጣም የታወቀው ዘፈን ሺሪቶሪ ላይ ከጠራችሁት የሚያስወጣችሁ ነው። «ሩ» ስትመጣ መጀመሪያ አእምሮ ላይ ብቅ የሚለው እሱ ስለሆነ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ዘፈኑን ውደዱት፣ ስሙን ግን አትጥሩ።

«ሩጁ» ብቻውን ሌላ ዘፈን ነው፣ ይህኛው አያስወጣም። የናካጂማ ሚዩኪ ድርሰት ነው። በ1977 ቺያኪ ናኦሚ ዘፈነችው፣ ናካጂማ ራሷም በኋላ በራሷ ድምፅ ቀዳችው። የሚገርመው የመጣበት መንገድ ነው። በ1992 ፌይ ዎንግ በካንቶንኛ ዘፈነችውና ከሆንግ ኮንግ ተነስቶ የእስያን አገሮች አዳረሰ። ብዙ ሰው ዜማውን ያውቀዋል፣ ከጃፓን እንደመጣ ግን አያውቅም።

«ሩፓን ሳንሴይ ኖ ቴማ» የሌባው የሉፓን ሣልሳዊ መክፈቻ ሙዚቃ ነው፣ የኦኖ ዩጂ። በ1977 የጀመረው ሁለተኛው ተከታታይ ፊልም ላይ ነው የታወቀው። ጃፓን ውስጥ የማያውቀው ስለሌለ ማንም አይከራከራችሁም። በ«ማ» ያልቃል።

ሮክ የምትወዱ ከሆነ ብዙ አላችሁ። ካሮል የተባለው ቡድን በ1972 በመጀመሪያ ሸክላው ያወጣው «ሩኢጂያንና» አለ፣ የአሜሪካዋ ግዛት ስም ነው፣ ዜማው የያዛዋ ኤይኪቺ። ስፒትስ ሁለት አላቸው፣ በ1995 አልበማቸው ላይ ያለው «ሩናሩና» እና በ2007 የወጣው «ሩኪንፎ»። ኤዥያን ኩንግ-ፉ ጄኔሬሽን በ2004 «ሩፑ አንዶ ሩፑ»ን አወጡ። ሳካናክሽን በ2011 «ሩኪ»ን።

ቮካሎይድ የሚባለውን፣ በኮምፒውተር ድምፅ የሚዘፈነውን ዘፈን የሚወዱ ልጆች ካሏችሁ «ሩካ ሩካ ናይቶ ፊባ» አለላችሁ። የሳምፍሪ ሥራ ነው፣ 2009። የምትዘፍነው ሰው ሳትሆን በዚያው ዓመት የወጣችው የኮምፒውተር ድምፅ ሜጉሪኔ ሩካ ናት።

ዕድሜያቸው ከገፋ ሰዎች ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ግን ወደ ኋላ መሄድ አለባችሁ። «ሩሮ ኖ ታሚ» የጀርመናዊው ሹማን የመዘምራን ሥራ ነው፣ ኢሺኩራ ኮሳቡሮ በጃፓንኛ ግጥም ሰጥቶት የትምህርት ቤት መዝሙር ሆኖ ኖሯል። በ«ሚ» ያልቃል፣ ጥሩ ነው። «ሩቴን» ደግሞ ኡኤሃራ ቢን በ1937 የዘፈነው ነው። ልብ በሉ፣ «ሩቴን»ም በ«ን» ያልቃል፣ አትጥሩት። የዚያን ዘመን የጃፓን ዘፈኖችና እንካ የሚባለውን ስልት ስትሰሙ ጆሯችሁ አንድ ነገር ይነግራችኋል። ብዙዎቹ የሚቀኙበት አንዱ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ድምፆቹ ከኛ ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ናቸው። ለኛ ሰው ዜማቸውን መያዝ ቀላል የሚሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

8. በጭራቸው ደርድሯቸው

አሁን ዋናው ሥራ። የምታውቋቸውን የ«ሩ» ዘፈኖች በሚጀምሩበት ሳይሆን በሚያልቁበት ፊደል ለዩአቸው። አራት ክፍል ይበቃል።

በ«ን» የሚያልቁትን ከዝርዝሩ አውጡ። «ሩጁ ኖ ዴንጎን» እና «ሩቴን» እዚህ ናቸው።

ተረኛውን የማያስጨንቁትን ለይታችሁ አስቀምጡ። በ«ና»፣ በ«ማ»፣ በ«ሚ» የሚያልቁት እዚህ ይገባሉ። «ሩናሩና» ብትሉ ተረኛው ወዲያው «ናዳ ሶሶ» ይላችኋል፣ እንባን የሚጠራውን የኦኪናዋ ዘፈን። እነዚህን ጨዋታው ሲጀምር፣ ወይም አጠገባችሁ ጀማሪ ሲቀመጥ ተጠቀሙባቸው።

ትንሽ የሚያሳስቡት «ዋ» እና «ኡ» ናቸው። «ኡ» ላይ አንድ የሚያምር ነገር አለ። ሳካሞቶ ክዩ በ1961 የዘፈነው፣ ውጭ አገር «ሱኪያኪ» ተብሎ የታወቀው «ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ» በ«ኡ» ጀምሮ በ«ኡ» ያልቃል፣ የመጨረሻው ረጅም «ኮ» በካና ሲጻፍ «ኡ» ተጨምሮበት ነውና። ስለዚህ «ሩሪኢሮ ኖ ቺክዩ» ስትሉ ብልህ ተጫዋች «ኡ»ን መልሶ ወደ ራሳችሁ ይወረውራል። መልስ ያዙ። አዶ በ2020 ያወጣችው «ኡሴዋ» ይበቃል።

የመጨረሻው ክፍል የሚያስጨንቁት ናቸው። «ሩፑ አንዶ ሩፑ» በ«ፑ» ያልቃል። በ«ፑ» የሚጀምርም የጥንት የጃፓን ቃል የለም፣ ስለዚህ ተረኛው ያው እናንተ የቸገራችሁ ዓይነት ችግር ውስጥ ይገባል። አዋቂ ከሆነ ኦትሱካ አይ በ2005 ያወጣችውን «ፑራኔታሪዩሙ» ይጠራል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን «ሩሩ» ነው። ሃማሳኪ አዩሚ በ2009 ያወጣችው፣ የድራጎንቦል የሆሊዉድ ፊልም ማጀቢያ የሆነው። ርዕሱ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው፣ ሲነበብ ግን በ«ሩ» ይጀምራል፣ በ«ሩ» ያልቃል። «ሩ» ሲወረወርባችሁ በ«ሩ» ትመልሳላችሁ። ሩ-ዜሜ ለሚወድ ሰው መድኃኒቱ ይህ ነው። አንዴ ብቻ እንደሚጠራ አትርሱ፣ ስለዚህ በመጀመሪያዋ «ሩ» አታባክኑት። አስቀምጡት፣ ሌሎቹ ሲመናመኑ ያኔ ጣሉት።

9. በተግባር አንድ ዙር

እንዴት እንደሚሄድ በቅርበት እንይ። አንዱ «አይዶሩ» አለ። እናንተ «ሩቢ ኖ ዩቢዋ» ትላላችሁ። ለተረኛው «ዋ» ደረሰው፣ ሞሪታካ ቺሳቶ በ1992 ያወጣችውን «ዋታሺ ጋ ኦባሳን ኒ ናቴሞ» ጠራ። «ሞ»። ሌላዋ የሚያዛኪን ፊልም አስታውሳ ሜራ ዮሺካዙ በ1997 የዘፈነውን «ሞኖኖኬ ሂሜ» አመጣች። «ሜ»። ለመዘግየት ጊዜ የለም፣ በ2004 የቦአ የገና ዘፈን «ሜሪኩሪ»። አሁን «ሪ» ነው፣ የብሉ ሃርትስ «ሪንዳ ሪንዳ» ከ1987። «ዳ»። በ1999 ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉም የዘፈነው «ዳንጎ ሳንክዮዳይ»። «ኢ»። ሳዘን ኦል ስታርስ በ1979 ያወጡት «ኢቶሺ ኖ ኤሪ»።

እዚህ ጋ ቤቱ ይከፈላል። «ኤሪ» መጨረሻው ይረዝማል። በመጀመሪያው ደንብ «ሪ» ነው፣ በሁለተኛው «ኢ»። ደንቡን ቀድማችሁ ያልተስማማችሁ ከሆነ ጨዋታው እዚህ ላይ በክርክር ይቆማል።

ተራው ዞሮ ሲመጣና የሚያጠቃ ሰው ከፊታችሁ ሲቀመጥ መጀመሪያ ከቀላሎቹ አንዱን ስጡት፣ ለምሳሌ «ሩፓን»ን። ሁለተኛ «ሩ» ከወረወረ «ሩሪኢሮ»ን፣ ሦስተኛ ከወረወረ «ሩፑ»ን። አራተኛ ከመጣ «ሩሩ»ን መልሱለት። እሱም «ሩሩ»ን ቀድሞ ጠርቶባችሁ ከሆነ «ሩሮ ኖ ታሚ» መጠባበቂያ ይሁናችሁ። ወጣት ተጫዋቾች ትዝ አይላቸውም፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሳይጠራ ይቆያል።